የኢንጂነር ልዑልሰገድ ውፍረት

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የአውሮፕላን ጥገና ኃላፊው ኢንጂነር ልዑልሰገድ በቢሯቸው ወንበር ላይ ላሜራ ሆነው ተገኙ። ያገኘቻቸው ጸሐፊያቸው ወይንሸት ናት። መጀመሪያ ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው የወጡ መስሏት ነበር። ጠጋ ብላ ስታይ ግን ኮቱ ውስጥ ከራስ ጸጉር እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነ፣ ንጹሕ፣ ብርማ ላሜራ ተቀምጧል፤ ከላይ በኩል የኢንጂነሩ ፊት አለበት። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ነፋስ እንዳይወስዳቸው ዘጋችው። ከዚያ ሰላምታ አቀረበች።

«ኢንጂነር፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ድምፃቸው የድስት ክዳን ወድቆ ሲንከባለል እንደሚሰማው ዓይነት ነበር። «የሦስት ሰዓቱ ስብሰባ እንዳለ ነው?»

እንዳለ ነው አለቻቸው፤ ስብሰባውም ተካሄደ። አምስት የክፍል ኃላፊዎች ተገኝተው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲያዳምጧቸው አንዳቸውም የተለየ ነገር አላስተዋሉም። ጉዳዩ የታወቀው ስብሰባው አልቆ ሰው ሁሉ ሲነሳ እሳቸው መነሳት ስላቃታቸው ነው።

በጋሪ ወደ ድርጅቱ ክሊኒክ ወሰዷቸው። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን የምታስርበት ክንድ ፈለገች፤ አጣች። መርፌ ሞከረች፤ መርፌው ታጠፈ። ከዚያ በካርዳቸው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ለላሜራ ክፍል ይተላለፉ» ብላ ጻፈች፤ ማኅተምም አደረገችበት። ከሰዓት በኋላ የአስተዳደር ኮሚቴው ተቀምጦ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። አንድ ኃላፊ ውፍረት ሊኖረው ይገባል የሚል አንቀጽ አልተገኘም። ስለዚህ ኢንጂነር ልዑልሰገድ በሥራ ገበታቸው ላይ እንዲቀጥሉ፣ ቅርጻቸው ግን በአስቸኳይ እንዲስተካከል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

የላሜራ ክፍሉ ዋና ባለሙያ አስካለ ትባላለች። አባቷ ድሬዳዋ ውስጥ ባትላሜራ ነበሩ፤ የተጨራመተ የታክሲ በር እንደ ጨርቅ ዘርግተው የሚመልሱ ሰው። እሷ ደግሞ በዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ሃንጋር ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት የአውሮፕላን አካል ቆርጣለች፣ አጥፋለች፣ ጠግናለች። ላሜራ በእጇ ዳስሳ ብቻ ውፍረቱን ትናገር ነበር። ለሰው ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልነበራትም፤ ለኢንጂነር ልዑልሰገድ ከሁሉም ያነሰ። እሳቸው በአሥራ ዘጠኝ የኃላፊነት ዓመታቸው ወደ ክፍሏ የመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የብረት መዶሻ፣ ማርቴሎ፣ አንስተው ፎቶ ሊነሱ። ማርቴሎውን የያዙት ተገልብጦ ነበር። ፎቶው በትልቁ ታትሞ በዋናው መተላለፊያ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም «በተግባር የሚመራ መሪ» ይላል።

አሁን ጠረጴዛዋ ላይ በጀርባቸው ተኝተው መጡላት። አስካለ የውፍረት መለኪያ ካሊፐሯን አውጥታ ጠርዛቸውን ለካች።

«አንድ ነጥብ ስድስት ሚሊሜትር» አለች።

«ጥሩ ነው መጥፎ?» አሉ ኢንጂነሩ።

«ለአውሮፕላን ጥሩ ነው።»

«ለኃላፊስ?»

«ለኃላፊ መለኪያ የለኝም፣ ኢንጂነር።»

እውነቱን ለመናገር ላሜራው ግሩም ነበር። ጭረት የለው፣ ነቁጥ የለው፤ በጥፍሯ ስትነካው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በዚህ ሰውዬ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረባ ነገር አገኘሁ ብላ አሰበች። ሐሳቧ ትንሽ አሳፈራት፤ እፍረቱ ግን ጓንቷን አጥልቃ እስክትጨርስ ድረስ እንኳ አልቆየም።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ለአውሮፕላን አካል ንድፍ አለ፤ ለሰው ንድፍ ስለሌለ ወይንሸት ከቢሮ የኢንጂነሩን ፎቶ አመጣች። አስካለ በአሸዋ የተሞላውን የቆዳ ከረጢት ከሥራቸው አድርጋ ከመሐል ወደ ዳር፣ በትንሽ በትንሹ፣ በእንጨት መዶሻ ትመታቸው ጀመር። ላሜራ እንደ እንጨት የራሱ ውል፣ የሚታዘዝበት አቅጣጫ፣ አለው፤ በውሉ ካልሄዱለት ይሰነጠቃል። የኢንጂነሩ ውል ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚሄደው። አስካለ ይህን ስታይ አልገረማትም።

እሳቸው በሥራው መሐል ትእዛዝ ይሰጡ ነበር።

«ትከሻዬን ሰፋ አድርጊው።»

«ፎቶው ላይ ይሄን ያህል ነው።»

«ፎቶው የድሮ ነው። ደረቴንም ገፋ አድርጊው። ሆዴን ተይው፤ ሆድ ባይኖረኝም ይሻላል።»

«አፍንጫዎትስ?»

ትንሽ አሰቡ። «አፍንጫ የክብር ነገር ነው፤ ቀጥ በይበት» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሲያልቁ ቆመው ታዩ። ከፊት ሲያዩዋቸው ደረተ ሰፊ፣ ቀጥ ያሉ፣ የሚያበሩ ሰው ነበሩ፤ ከበፊቱ ይልቅ ኃላፊ ይመስሉ ነበር። ከኋላ ሲያዩዋቸው ግን እንደ ገንዳ ጎድጓዳ ነበሩ፤ ምንም የለም። ወይንሸት ዞራ አይታ ቶሎ ወደ ፊት ተመለሰች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ ረቡዕ ዕለት ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። ጠረጴዛው ዳር ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ይዝጋል?» ብለው አስካለን ጠየቁ።

«አሉሚኒየም አይዝግም፣ እትዬ። እርጥበት ካገኘው ግን ቀስ እያለ ይበላል።»

«እኛ ቤት እርጥበት አለ» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ። ከዚያ ለባላቸው የታጠበ ሸሚዝ አስቀምጠው፣ ጉንጫቸውን በመሐረብ ወልወል አድርገው፣ ሄዱ። ኢንጂነሩም የዚያን ዕለት ሌሊት ድርጅቱ ውስጥ ማሳለፍ ስላለባቸው ወደ ዕቃ መጋዘን ተላኩ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ በድሩ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት በዚያ መጋዘን ውስጥ ሲሠሩ አንዲት ብሎን ጠፍታባቸው አታውቅም። ሰውን ሰው ስለሆነ አያከብሩም፤ ዕቃንም ዕቃ ስለሆነ አይንቁም፤ የሚያከብሩት ካርድ ያለውን ነው።

«ቁጥር የሌለው ነገር እዚህ አያድርም» አሉ።

«ኃላፊ ናቸው እኮ፣ ጋሽ በድሩ» አለች ወይንሸት።

«ይሁኑ። ቁጥር ሰጥቼ ነው የማሳድራቸው።»

ካርድ አወጡና ጻፉ፤ ላሜራ፣ አሉሚኒየም፣ አንድ ነጥብ ስድስት ሚሊሜትር፣ ብዛት አንድ። ማስታወሻ በሚለው ቦታ ላይ ጥቂት አሰላስለው «ይናገራል» ብለው ጨመሩበት። ኢንጂነሩ ካርዱን አነበቡና ስማቸው ከነማዕረጉ እንዲገባ አዘዙ። ስም የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለው ተነገራቸው።

በዚያ ሳምንት ሃንጋሩ ውስጥ አንዲት አሥራ ዘጠኝ ሰው የምትይዝ አሮጌ አውሮፕላን ቆማ ነበር። አንድ የቆላ ማረፊያ ሜዳ ላይ ጠጠር ሆዷን መትቷት፣ ስንጥቁም ውስጥ ውስጡን ሄዶ፣ አስካለ የተጎዳውን ሁሉ ቆርጣ አውጥታዋለች። ሆዷ ላይ ሰማንያ በሃምሳ ሴንቲሜትር የሆነ ክፍት ቦታ ነበር። ለዚያ የሚሆነው ላሜራ አራት ወር ተጠብቆ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው፤ አንድ ብቻ። አውሮፕላኗ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጂንካ ትበራለች። ሰባተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጠው የአስካለ ታናሽ እህት ጥሩወርቅ ናት፤ ጂንካ አስተማሪ ናት፤ ዓይኗን ልትታከም መጥታ አሁን ትመለሳለች።

ሐሙስ ዕለት አስካለ ምሳ በልታ ስትመለስ ያ ላሜራ ጠረጴዛዋ ላይ ተቆርጦ አገኘችው። የተረፈው መዳፍ የማይሞላ ቁራጭ ነው። በሌለችበት ከትራንስፖርት ክፍል አንድ የመኪና ባትላሜራ ተጠርቶ ለኢንጂነሩ ጀርባ ሠርቶላቸዋል። ኢንጂነሩ መሐል ወለሉ ላይ ቆመው በመስታወት ጀርባቸውን ለማየት ይሞክራሉ። አንገታቸው ስለማይዞር መስታወቱን የያዘችው ወይንሸት ወዲያና ወዲህ ትላለች።

አስካለ ቁራጮቹን ከወለል ለቀመች። እንባዋ መጣ፤ ማንም ሳያይባት በቱታዋ እጅጌ ጠረገችው።

«ኢንጂነር፣ ይሄ የአውሮፕላኗ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አራት ወር የጠበቅነው።»

«አስካለ፣ አስቢ እንጂ። አውሮፕላን ሆዱ ከታች ነው፤ ማንም አያየውም። እኔ ደግሞ ሰኞ እንግዶች እቀበላለሁ፤ ስሸኛቸውም ስቀድማቸውም ከኋላ መታየቴ አይቀርም።»

«ክፍቱን በምን ልዝጋው?»

«ስቱኮ አድርጊበትና ቀለም ቀቢው።»

«ስቱኮ የታክሲ በር መሙያ ነው። ንፋስ ሲመታው እንደ ደረቅ ጭቃ ነው የሚረግፈው። ውስጥ ሰው አለ።»

«ሰው ሁልጊዜም አለ» አሉ ኢንጂነሩ፤ ይህንንም የተናገሩት እንደ ትልቅ ቁም ነገር ነው። «አንቺ አልፈርምም ካልሽ ምክትሌ ይፈርማል።»

ምክትላቸው እንደሚፈርም አስካለ ታውቃለች። የምሳ ዝርዝር ቢያቀርቡለትም ይፈርማል። አብራሪውም የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ሆዱን አይደለም። ወደ ውጭ ወጥታ ለእህቷ ደወለች።

«ቅዳሜ አትሂጂ።»

«ሰኞ ፈተና አለብኝ፤ ስልሳ ሁለት ልጆች ይጠብቁኛል» አለች ጥሩወርቅ። «ደግሞ እናንተ ያልጠገናችሁትን ማን ሊጠግነው ነው?»

አስካለ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ተመልሳ ገባችና ኢንጂነሩ ፊት ቆመች።

«በስቱኮ አልሠራም። ትእዛዝዎን በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ኢንጂነሩ በጽሑፍ መስጠት የሚወዱት ነገር ነው። ወይንሸት ጻፈች፤ እሳቸው እየተናገሩ፤ «በአውሮፕላኑ ሆድ ላይ ያለው ክፍት ቦታ በመጋዘን ካለ ከማንኛውም ተመጣጣኝ ላሜራ በአስቸኳይ እንዲሸፈንና አውሮፕላኑ ቅዳሜ ጠዋት እንዲበር አዝዣለሁ።» መጋዘን ውስጥ አንዲት ላሜራ እንደሌለ ያውቃሉ፤ ሌላ መንገድ ስታጣ ወደ ስቱኮው ትመለሳለች ብለው ነው። ጠርዛቸውን ቀለም አስነክታላቸው አተሙበት። በሦስት ቅጂ ሆነ።

ዓርብ ጠዋት አስካለ ትእዛዙን ይዛ ወደ ጋሽ በድሩ ሄደች። ያቺን ሌሊት አልተኛችም ነበር፤ ሌላ ድርጅት ያለ ላሜራ፣ የተጣለ አሮጌ ክንፍ፣ ሁሉንም በሐሳቧ ዞራለች። የመጣችው የለም ሲሏት በጽሑፍ የለም እንዲሉላትና በዚያ ወረቀት በረራውን ለማስቆም ነው።

ጋሽ በድሩ መነጽራቸውን አድርገው ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ የካርድ ሳጥናቸውን ሳቡ።

«አንድ ነጥብ ስድስት ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ።»

«አሉሚኒየም?»

«አዎ።»

«አለ» አሉ ጋሽ በድሩ።

አስካለ ካርዱን አየችው። ማስታወሻው ላይ «ይናገራል» ይላል።

«ጋሽ በድሩ፣ ይሄ እኮ ሰው ነው።»

«እኔ ጋ ያለው ካርድ ነው። ትእዛዙ ማንኛውም ይላል። ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው፤ ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው። አልሰጥም ብል ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው።» የወጪ ደብተሩን ገልጠው ገፉላት። «ፈርሚ፣ ልጄ።»

አስካለ እስክሪብቶውን ይዛ ቆየች። እሷ ሰውየውን ትንቃለች እንጂ ክፉ አልተመኘችለትም። ሰባተኛውን ወንበር አሰበች። ፈረመች።

ኢንጂነሩን በጋሪ ወደ ጠረጴዛዋ አመጣቻቸው። አዲሱን ጀርባቸውን ስትፈታ የመኪናው ባትላሜራ ሥራ በእጇ ላይ ተበጣጠሰ፤ ከመጀመሪያውም ቀጭን አድርጎ አሽቶት፣ ዳር ዳሩን ሰነጣጥቆታል። ለምንም የማይሆን ሆኖ ወደ ቁርጥራጭ በርሜል ገባ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ኢንጂነሩ።

«ወጪ ተደርገው ነው የመጡት፣ ኢንጂነር። ለአውሮፕላኗ ሆድ።»

«ማን ፈረመው?»

«እርስዎ።»

ትእዛዙን ዓይናቸው ፊት ያዘችላቸው። አነበቡት። ማኅተሙን አዩ፣ ቁጥሩን አዩ፣ ቀኑን አዩ። ጉድለት አላገኙበትም።

«ይሻሩታ» አለች አስካለ። በዚያች ሰዓት ቢሽሩት ደስ እንደሚላት እርግጠኛ ነበረች። «አንድ ቃል ይበሉኝ፤ እኔም በረራው እንዲቆም አስጽፋለሁ። ላሜራ እስኪመጣ አውሮፕላኗ ትቁም።»

ኢንጂነሩ አሰቡ። ግንባራቸው ላይ አንድ ትንሽ ስርጉድ ወጥታ ጠፋች።

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈረምኩትን ሽሬ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «በረራ አስቆመ ተብሎም ስሜ ተነስቶ አያውቅም። ሰኞ እንግዶች አሉ፤ አንድ አውሮፕላን ቆሞ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«እርስዎ ግን እንግዶቹን አይቀበሉም።»

«ምክትሌ ይቀበል።» ከዚያ፣ «የአውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ ቢሆንስ?» አሉ። «ሰው የሚያየኝ ቦታ።»

«የተቆረጠው ሆዷ ነው።»

«በሩ አካባቢስ?»

«ሆዷ ነው፣ ኢንጂነር።»

«እሺ» አሉ። «ፊቴ ግን ወደ ውጭ ይሁን። የተሳፋሪ እግር ላይ አልሆንም።»

አስካለ የሁለት ቀን ሥራዋን በአንድ ሰዓት አፈረሰችው። ትከሻውን መታ መታ አድርጋ መለሰችው፤ ደረቱን አስተኛችው፤ አፍንጫውን በመጨረሻ ነካችው፤ እሱ ላይ እጇ ከበደባት። እሳቸው በመሐሉ ስለ ዲሲፕሊን ይናገሩ ነበር። ቁመታቸው ከክፍቱ ይተርፍ ስለነበር ትርፉ በሁለቱም በኩል ተደረበ፤ መደረቡ ለጥገናው ይበጃል። «አልቆርጥዎትም» አለቻቸው። አመሰገኗት። ይህ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሳቸው የሰማችው የመጀመሪያ ምስጋና ነው።

ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዘውን ሪቬት ለመምታት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከውጭ ይመታል፣ ሌላው ከውስጥ በድጋፍ ብረት ይይዛል። የክፍሉ ሰዎች ሁሉ ምክንያት እየፈጠሩ ስለጠፉ ወይንሸት ጫማዋን አውልቃ ወደ አውሮፕላኗ ገባች። ያን ያህል ዓመት የሚሏትን ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ብረት መያዝ አልከበዳትም። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሪቬት ነበር። በእያንዳንዱ መሐል ኢንጂነሩ ቃለ ጉባኤ ያስይዟታል፤ እሷም ከውስጥ «እሺ» ትላለች። አንድ መቶ አሥራ አንደኛው ላይ ዝም አሉ።

«ኢንጂነር?» አለች ወይንሸት።

«ስብሰባው በዚሁ ተጠናቋል» አሉ። አስካለ የመጨረሻውን መታችው።

ወይንሸት ስትወጣ ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት አስካለ።

«ምንም። ከልምድ፣ ሻይ ይፈልጋሉ ወይ አልኳቸው። ከዚያ ምንም በሌለው በኋላቸው በኩል መሆኔ ትዝ አለኝ።»

አስካለ ጥገናውን መረመረች፤ ጠርዙን፣ እያንዳንዱን ራስ፣ ቀለሙን። እንከን አልነበረውም። ወረቀቱ ላይ ስሟን ጻፈች፤ ከዚያ በላይ ንጹሕ ሥራ ሠርታ አታውቅም፤ ይህም አላስደሰታትም።

ቅዳሜ አውሮፕላኗ በሰዓቷ ተነሳች። አስካለ ሜዳው ዳር ቆማ ስትነሳ አየች። ሆዷ ላይ ያለው ፊት ዓይኑን ከፍቶ የሚሸሸውን መሬት ይመለከት ነበር። ቀትር ላይ ጥሩወርቅ ደወለች።

«በደህና ገባሁ። ለስላሳ ጉዞ ነበር።»

«ምንም አልሰማሽም?»

«ወለሉ ይሞቃል። ደግሞ አንድ ሰው ከእግራችን ሥር አጀንዳ አንድ፣ አጀንዳ ሁለት ይላል። ተሳፋሪው ሁሉ ሲሰለቸው እንቅልፍ ወሰደው። እኔም ተኛሁ።»

አስካለ ስልኩን ዘግታ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

በድርጅቱ ምንም የጎደለ ነገር አልታየም። ሰኞ እንግዶቹ መጡ፤ ምክትሉ ተቀበላቸው፤ ኢንጂነሩ የት ናቸው ሲሉት «መስክ ላይ ናቸው» አለ። እንግዶቹ በኢንጂነሩ የሥራ ትጋት ተደነቁ። ፊርማ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አውሮፕላኗ ስትመለስ ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ይተኙና ፋይሉን ወደ ላይ ያቀርባሉ። ኢንጂነሩ እንደ ቀድሞው ሳያነቡ ይስማማሉ። አንዳንዱ ተንፏቅቆ ሲወጣ ቅባት በቅባት ሆኖ ነው፤ ግን ማንም አላጉረመረመም። በዓመቱ መጨረሻ ኮሚቴው ከፍተኛ የበረራ ሰዓት ያስመዘገቡ ኃላፊ ብሎ ሸለማቸው። የምስክር ወረቀቱን በፕላስተር ከአጠገባቸው ለጠፉት፤ ሁለተኛው በረራ ላይ ነፋስ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ድምፃቸው እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ መናገር ተዉ፤ ቀጥሎ ዓይናቸው ደበዘዘ፤ የአፍንጫው መስመር ከቀለሙ ሥር ጠፋ። ፋይል ይዘው የሚተኙት ሰዎችም እየቀነሱ፣ በመጨረሻ ቀሩ።

የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ አስካለ በምሳ ሰዓት፣ ሃንጋሩ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ከአውሮፕላኗ ሥር ገብታ ተኛች። የእጅ ባትሪዋን ይዛ ሪቬቶቹን አንድ በአንድ አየች። አንዱም አልላላም። ላሜራው ላይ ሰው የሚመስል ነገር አልቀረም፤ ጓንቷን አውልቃ ስትዳስሰው ግን ለብ ይል ነበር።

በጣቷ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«ኢንጂነር» አለች። «አሉ?»

ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

እጇን ሳታወርድ ቆየች። ቀጥሎ፣ ከአጠገቡ ያለው ላሜራ፣ አውሮፕላኗ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ነክቶት የማያውቀው፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ከዚያ የሚቀጥለው። ከዚያ የሚቀጥለው። ማንኳኳቱ ሳይቸኩል፣ ከላሜራ ወደ ላሜራ እየተሸጋገረ፣ በሆዷ ሥር አልፎ ወደ ጭራው ሄደ፤ እዚያ ዞረ፤ በሌላኛው ጎን፣ በክንፉ ሥር፣ በመስኮቶቹ ሥር ተመልሶ መጣ፤ ከአስካለ ፊት በላይ ሲደርስ ቆመ። እጇን ወደ አጠገቡ ላሜራ ዘረጋች፤ እሱም ለብ ይል ነበር።